ያልኖሩትን ዕድሜ መቀባት

አዲስን ነገር አሮጌ አስመስሎ መሥራት ውሸት ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። እኛን ግን ሦስት ሌሊት አከራክሮናል፤ የጎረቤት ዶርም ልጆች ግድግዳውን እስኪደበድቡብን ድረስ። መነሻው ከድሬዳዋ የመጣ አንድ ጓደኛችን በሰርዲን ጣሳና በሽቦ የሠራት ሎኮሞቲቭ ናት። ሠርቶ ሲጨርስ ጥቁር ቀለም ቀባት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሞ የከሰል ዱቄትና የቀይ አፈር ብናኝ ነሰነሰባት። «እንዴ! ምነው አበላሸሃት?» ብንለው «አሁን ገና ባቡር ሆነች» አለን።

በውጭው ዓለም ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የባቡር አምሳያ ሠሪዎች በብዛት የሚከተሉት ልክ 1 ለ87 ነው። በዚህ ልክ የአሮጌው የጅቡቲና የአዲስ አበባ መሥመር ሐዲድ፣ ስፋቱ 1 ሜትር የነበረው፣ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። እዚያች ጥፍር በምታህል ሐዲድ ላይ ለምትቆመው ሎኮሞቲቭ በቀጭን ብሩሽ ዝገት ይቀቡላታል። በጭስ ማውጫዋ ዙሪያ ጥላሸት፤ በእንፋሎት ጋኗ መጋጠሚያ ላይ ውኃ እያንጠባጠበ የተወው ነጭ የኖራ መሥመር፤ መንኮራኩሩን በሚገፉት ዘንጎች ላይ አቧራ የጠጣ ዘይት፤ ነጂው ጨብጦ በሚወጣበት እጀታ ላይ ደግሞ ቀለሙ አልቆ የሚያበራ ብረት። አንዳንዶቹ ዝገቱን አስቀድመው ይቀቡና የፀጉር ስፕሬይ ነፍተውበት ዋናውን ቀለም ከላይ ያለብሱታል፤ ኋላ በእርጥብ ብሩሽ ሲፍቁት ቀለሙ እየተላጠ ዝገቱ ከሥር ብቅ ይላል። ጉድ እኮ ነው! ጥሩው ሠሪ ታዲያ ይህን ሁሉ በዘፈቀደ አያደርገውም። ፎቶግራፍ ፊቱ አስቀምጦ፣ ይህች ሎኮሞቲቭ በዚህ ዓመት በዚህ መሥመር ላይ ምን ትመስል ነበር ብሎ ነው።

ከመካከላችን አንደኛው ወገን እንዲህ አለ። ዝገት የጊዜ ፊርማ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹም በ1950ዎቹ በናፍጣዎቹ እስኪተኩ ድረስ ያንን በረሃ ሲያቋርጡ ኖረዋል። የእነሱ ጥላሸት በሰው ላብ የተገዛ ነው። ይህንኑ በአንድ ከሰዓት በከሰል ዱቄት ማግኘት ፎርጅድ ፊርማ መፈረም ነው።

ሁለተኛው ወገን ሳቀ። «እንግዲያው በሀገር ፍቅር መድረክ ላይ ሽማግሌ ሆኖ ለመተወን ፀጉሩን ነጭ የሚቀባ ወጣትም አጭበርባሪ ነዋ!» ተመልካቹ ሽበቱ ቀለም መሆኑን ያውቃል፤ ተዋናዩም ታጥቦት ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ትናንት የተሠራን መስቀል ጭስ ላይ አንጠልጥሎ አጥቁሮ «የአያት ቅድመ አያቴ ነው» ብሎ ለፈረንጅ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። ጭሱ አንድ፣ እጁም አንድ፤ ልዩነቱ የገዢው ማወቅና አለማወቅ ብቻ ነው፤ አሉን። መልሱ ቀና ነው፤ ብዙዎቻችንም በዚሁ ልንተኛ ነበር። የዶርዜ ነገር ባይመጣ።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ ሽቅብ የወጣ ሰው የዶርዜን ቤት ያውቀዋል። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተሸመነ፣ ላዩ በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ነው። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊት ለፊት ሲያዩት ዝሆን ነው፤ መግቢያው ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለት የአየር መውጫዎች ዓይን። ይህ ቤት ጠላቱ ከሥር ነው፤ ምስጥ። ምስጥ የበላውን ግርጌ ባለቤቱ ይቆርጠውና ቤቱ ዝቅ ይላል። ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። እንዲህ እያጠረ፣ እያጠረ፣ 60 እና 70 ዓመት ይኖራል። ዕድሜውን የሚናገረው እንግዲህ በቁመቱ ነው፤ የረዘመው ጎረምሳ፣ ያጠረው ሽማግሌ። (የእኛ የሰዎቹም ነገር እንዲህ ግልጽ ቢሆን ስንቱ በተጋለጠ!)

የዚህ ቤት አምሳያ ከቀርከሃ ተሠርቶ ሲሸጥ አይተናል። በባቡረኞቹ ልክ ቢሠራ 12 ሜትሩ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ያየናቸው ሁሉ ግን ረጃጅምና ንጹሕ ነበሩ። ጭስ የነካው፣ ምስጥ የቀመሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ የተቆረጠ አልነበረባቸውም። ገዢው አልተታለለም፤ አዲስ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ይዞት የሚሄደው ዕድሜ የሌለው የዶርዜ ቤት ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት በጋሞ ተራራ ላይ የለም። እዚህ ላይ አዲሱ እንዳለ መታየቱ ነው የሚዋሸው፤ ግርጌው ቢቆረጥና ላዩ በጭስ ቢጠቁር ወደ እውነቱ ይቀርባል። ስለዚህ ማስረጀት ራሱ ምስክርነት ሊሆን ይችላል፤ ምስክሩ የነገሩን ኑሮ ካወቀ ማለት ነው። ዝገት የሚጀምረው ውኃ ከሚያቆርበት ነው፤ የቤቱ ጥቀርሻ የሚወፍረው ከምድጃው በላይ ነው። ይህን ሳያውቅ እንዲሁ የለቀለቀ ሰው፣ ማንንም ባያታልል እንኳ፣ ስለ ነገሩ ዋሽቷል።

«መስቀል አጫሹም እኮ ይህን ያውቃል፤ እንዲያውም ከሁላችን ይበልጥ!» የሚል ተነሣ። እውነቱን ነው። ዕውቀት ብቻውን ሐቀኛ አያደርግም። ለገዢው መንገርም ያስፈልጋል፤ ነገሩን ማወቅም ያስፈልጋል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ሁለቱ ከተሟሉስ? እስቲ ጉልበታችንን እንመልከት። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አዲስ ሲገዛ ጀምሮ የነጣ፣ የተፈገፈገ፣ የተቀደደ ጂንስ የለበስን? ገዢው አዲስ መሆኑን ያውቃል፤ ንጣቱም በትክክል ጉልበቱ ላይ ነው ያረፈው። ግን ይህን ንጣት ለማምጣት በቱርክ አሸዋ በአየር ግፊት ጨርቁ ላይ ይነፋ ነበር። ብናኙን የሳቡ ወጣት ሠራተኞች ሳንባቸው በሲሊኮሲስ እየደረቀ ሞተዋል፤ መንግሥቱም አሠራሩን በ2009 ከልክሏል። እኛ ላልሠራነው የጉልበት ሥራ ምልክቱን እንድንለብስ ሌላው በሳንባው ከፈለ ማለት ነው። ሽሮ ሜዳ ላለው የዶርዜ ሸማኔ «ምነው ጥበቡን ሳታስረጀው አመጣኸው?» የሚለው ሰው የለም፤ ከእሱ የምንፈልገው አዲሱንና ንጹሑን ነው። የሚሠራው አዲስ ይዞ እየመጣ የማይሠራው አሮጌ መስሎ የሚዞርበትን ምክንያት ለማስረዳት የሞከረም ነበር፤ አላረካንም። ነጂው ጨብጦ ያሳሳውን እጀታ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ መቀባትና የገበሬን ጉልበት ገዝቶ መልበስ አንድ አይመስሉንም። የመጀመሪያው ዓይን የሚያነሣው ወደ ነጂው ነው፤ ሁለተኛው ወደ ለባሹ።

ወደ ዶርዜ ስንመለስ፣ አንዱ ወንድማችን ሐሳብ አቀረበ፦ አምሳያው በሦስት ይሠራ። አንዱ እንደተሠራ ረጅም፤ አንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ግርጌው የተቆረጠ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት፣ ከውስጥ የጠቆረ የሽማግሌ ቤት። ሻጩም የትኛው የስንት ዓመት ምሳሌ እንደሆነ ለገዢው ይንገረው። በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ዋጋ ላይ ግን እንደገና ተጣላን፤ ግማሹ ያጠረው ቀርከሃው ትንሽ ነውና ይርከስ ሲል፣ ግማሹ ደግሞ መቁረጡና ማጨሱ ሥራ ነው፣ የለም ይወደድ አለ።