የተቀነሰው ሸክም ወዴት ይሄዳል?

በምዕራብ ሸዋ ከደንዲ ሐይቅ ተነሥቶ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ወደሚገኘው ወንጪ ተራራ፣ የተጠረገ መንገድ ሳይከተል ለቀናት በእግሩ የሚጓዝ ሰው፣ በጀርባው የሚያዝለውን አስቀድሞ መመርመር ግድ ይሆንበታል። የወንጪ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,386 ሜትር ስለሚደርስ አየሩ ስስ፣ ሌሊቱም ብርዳም ነው፤ ጥርጊያ በሌለው ቁልቁለት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ጉልበትን ከማድከም አልፎ ሚዛንን ያሳጣል። ሸክምን ማቅለል ተገቢ መሆኑ ስለዚህ አያከራክርም፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው ከጀርባ የወረደው ሸክም ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ከፊሉ ሸክም የትም አይሄድም፤ ቀድሞውንም አስፈላጊ ስላልነበረ፣ ሲተዉት ማንም ላይ ሳይወድቅ ይቀራል። ከፊሉን ዕውቀት ይተካዋል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ምንጮቹ የት እንዳሉ ከአገሬው ጠይቆ የተረዳ መንገደኛ ካልተረዳው ያነሰ ይሸከማል። ስንቅም፣ ማለት ለመንገድ የሚያዝ ምግብ፣ እንዲሁ ነው፦ ከተቆላ ገብስ የሚፈጨው በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበጠበጥ ምድጃና ነዳጅ መያዝን ያስቀራል፤ በኦሮሞ ዘንድ የታወቀው ጭኮ፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ የሚታሽበት ምግብ፣ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲይዝ አንድ ግራም ስታርች የሚይዘው 4 ያህል ብቻ ነውና። የቀረው ሸክም ግን አይጠፋም፤ ወደ ፈረስ ጀርባ፣ ወደ ተሸካሚ ትከሻ ወይም ወደ እንግዳ ተቀባይ ጎተራ ይዛወራል።

ይህ መዛወር ሁልጊዜ ነውር አይደለም። በወንጌል እንደተጻፈው ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ለስብከት ሲልክ ከረጢትም ሆነ ገንዘብ እንዳይዙ አዝዟል፤ ትእዛዙ ግን የሚቀበላቸው ቤት መኖሩን፣ እነርሱም ለዚያ ቤት ሰላምን ይዘው መግባታቸውንና እንደ ሠራተኛ ምግባቸው የሚገባቸው መሆኑን መሠረት ያደረገ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ደግሞ ከመከራው አስቀድሞ፣ ኮሮጆና ከረጢት ያለው እንዲይዝ ነግሯቸዋል። ሁለቱ ቃላት አይጋጩም፤ ባዶ እጅን ቅዱስ የሚያደርገው ባዶነቱ ሳይሆን በተጓዡና በተቀባዩ መካከል ያለው መተማመን ነው፤ ተቀባይ በሌለበት መንገድ ላይ ስንቅ መያዝ የእምነት ጉድለት አይሆንም።

ሐዋርያው ጳውሎስም በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ምእመናን አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዝዝና፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ እያንዳንዱ የራሱን እንደሚሸከም ይናገራል። አማርኛው ሁለቱንም ሸክም ቢላቸውም ግሪኩ በሁለት ቃላት ይለያቸዋል፦ የመጀመሪያው «ባሮስ» ሰውን የሚያጎብጥ ክብደት ሲሆን፣ ሁለተኛው «ፎርቲዮን» ለአንድ ተሸካሚ የተመደበ ጭነት ነው። በዚህ ልዩነት መሠረት ሕመምና ድንገተኛ አደጋ የጋራ ሸክም ሲሆኑ፣ የዝናብ ልብስ፣ መድኃኒትና የሌሊት መደረቢያ የየራስ ናቸው።

ልዩነቱን ያልለየ መንገደኛ የሚያደርሰው ጉዳት በገጠሩ ሕይወት በግልጽ ይታያል። መኪና በማይደርስበት ስፍራ የታመመ ሰው ወደ ሕክምና የሚደርሰው በቃሬዛ፣ ማለት በእንጨት በተሠራ የሕመምተኛ መሸከሚያ፣ ጎረቤቶች እየተፈራረቁ ሲሸከሙት ነው፤ ይህንንም ሰዎቹ የእርሻ ሥራቸውን ትተው እንደ ግዴታ ይፈጽሙታል። እንግዲህ ጥቂት መቶ ግራም ለመቆጠብ ሲል የዝናብ ልብሱን ትቶ በክረምት ብርድ የተመታ ተጓዥ ሸክሙን አላቀለለም፤ የራሱን ሙሉ ክብደት በማያውቁት ገበሬዎች ትከሻ ላይ አኑሯል። እነርሱ ይሸከሙታል፤ መሸከማቸውም የሚያስመሰግናቸው በጎነት ነው። ነገር ግን በጎነታቸው እንዳለ ስለሚታወቅ ብቻ አስቀድሞ በሒሳብ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ስለሆነም ከረጢቱን የሚያዘጋጅ ሰው ስለሚተወው ስለ እያንዳንዱ ዕቃ፣ ይህ ቢጎድል በእርሱ ፈንታ ማን እንደሚሸከም ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መልሱ ፈቃዱ ያልተጠየቀ ሰው ከሆነ፣ ያ ዕቃ ወደ ከረጢቱ ሊመለስ ይገባዋል።