ዝም ላለው ልጅ

ልጄ፣ የወንድምሽ ልጅ ጫማውን ሳያወልቅ እንደሚተኛ፣ ከጎናችሁ ከሚሠራው ፎቅ ላይ ቆርቆሮ በወደቀ ቁጥር አልጋ ሥር እንደሚገባ ነግረሽኛል። ሰፈሩ «ጠባዩ ተበላሸ» ይለዋል። አልተበላሸም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ጳጉሜን 2013 ቆቦ ላይ ሰው ሲገደል ልጁ እዚያው ነበር፤ ገና አሥር ዓመቱ። በዓመቱ የሰሜኑ ጦርነት ተመልሶ መጣበት። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 2015 ቢፈረምም፣ አገሩ ከዚያም ወዲህ አላረፈም፤ የልጁም ጆሮ እስካሁን ተኩስ ይጠብቃል።

«ዝም በይው፣ ጊዜ ያስረሳዋል» የሚሉሽን አትስሚ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለሸንጎ ነው። ለልጁ የሚሆነው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ነው። ይህን ስልሽ ግን አጠገቡ ተቀምጠሽ «ምን አየህ? ንገረኝ እንጂ» እያልሽ እንድታስጨንቂው አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያየውን የሚያወራው በራሱ ጊዜ፣ ማዳመጥን ለተማረ ሰው ነው። ያንቺ ድርሻ ራቱ ሰዓቱን እንዳያልፍ፣ መብራት አይጥፋብኝ ካለም በርቶ እንዲያድርለት፣ ስትቀሰቅሺውም ከበሩ ላይ ቆመሽ በስሙ እንድትጠሪው ነው። ድንገት አትንኪው። ትምህርት ቤት ቀረ ብለሽም ቀበቶ አታንሺ። «እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባለው ለእሱ አይሆንም፤ መከራ ቀድሞ አግኝቶታል።

አሁን ወደ ሕክምናው። መጀመሪያ ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ የሪፈር ወረቀቱ ከዚያ ነው የሚጻፈው። ከሰፈራችን ከሃያ ሁለት በመገናኛ አድርጋችሁ ኮተቤ ብትወጡ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፤ በኮሮና ጊዜ ስሙን የሰማነው ነው፤ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለ። ስሙን ስጠራው ፊትሽ እንደተለወጠ አይቻለሁ። «አማኑኤል ገባ» ማለት ስንት ዘመን ስድብ ሆኖ ኖረ! ያ ስድብ ስንቱን ልጅ ከሐኪም እንዳስቀረ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት ጥቂት ነበሩ። ዛሬ የሠለጠነ ሐኪም በታክሲ ርቀት ላይ እያለ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ልጁን ቤት አታስቀሪው።

ሐኪሙ ክኒን ብቻ ጽፎ ከሸኛችሁ፣ «የንግግር ሕክምናስ?» ብለሽ ጠይቂ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች የሚመክረው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሆነው የደረሰባቸውን ቀስ በቀስ የሚጋፈጡበትን የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቅዠቱ ሊብስ ይችላል፤ ያኔ ለባለሙያው ንገሪው እንጂ ቀጠሮ አታቋርጪ። የጎረቤት ዲያዜፓም ግን እንዳትሰጪው። እንቅልፍ ፍለጋ ወደ ቢራና ወደ ጫት እንዳይሄድም ዓይንሽን ጣል አድርጊበት፤ ሰፈራችን ለዚያ ምቹ ነው።

ጠበሉን አልከለክልሽም። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አይጋጩም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለዚህም ያው ነው። ጠዋት ጠበሉን ይጠመቅ፣ ቀጠሮውንም ያክብር። ሰንሰለትና ዱላ ካለበት ቦታ ግን እግሩ እንዳይረግጥ።

«ብሞት ይሻላል» ያለ ቀን፣ እንደ ቁጣ ወስደሽ እንዳታልፊው። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፤ መጠየቅሽ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣበትም። የአይጥ መርዙንና ክኒኑን ከቤት አውጪ፣ ብቻውን አታስተኚው፣ ሳትውይ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል አድርሺው። የእኛን በር ለማንኳኳት ሰዓት አትቁጠሪ።

ጤና ጣቢያ የምትሄዱበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ። ሱቅሽን ባለቤቴ ትይዝልሻለች። ልጁ ከፈቀደ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ ካልፈቀደም አይከፋኝም፣ ከእሱ ጋር የሚገባውን ሰው እሱ ይምረጥ።