የኤልያስ እንጎቻ

ስለሚበሉት ነገር አጥብቆ ማሰብ ነፍስን ይጎዳል ብለው የሚያምኑ ሰዎች በዙሪያዬ ብዙ ናቸው። እኔ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። እሑድ ደግሞ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከምእመናን ጋር አስቀድሳለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱም በኩል ይደርሰኛል። ባለፈው ሁዳዴ የአንዲት እናት ስኳር በጣም ከፍ ብሎ ስላገኘሁት ምን እንደሚመገቡ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ በጾም ስለ ሆድ ማውራቱስ ኃጢአት አይሆንብኝም?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ደጅ ላይ ስለነበሩ ያን ዕለት በአጭሩ ነው የመለስኩላቸው፤ ሙሉው መልሴ ይህ ነው።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ የላከለት ምግብ ነው። መልአክ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዲበላ ነገረው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። የኤልያስን አርባ ቀን ከሙሴና ከጌታችን ጾም ጋር አብረን እናነሣለን፤ ከመንገዱ በፊት ሁለት ጊዜ መመገቡን ግን ሲሰበክ እምብዛም አልሰማሁም። ለእኔ ትልቁ ትምህርት እዚያ ላይ ነው። መልአኩ ተስፋ የቆረጠውን ሰው አልገሠጸውም፤ የሥጋውን አቅምና የመንገዱን ርቀት አይቶ አበላው።

ሥጋ በራሱ ጠላት ነው የሚል ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን የለም። የሚጠመቀው፣ ሜሮን የሚቀባው፣ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበለው፣ በመጨረሻም የሚነሣው ይኸው ሥጋ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር በጻፈለት መልእክት መካከል ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል፤ ጉዳዩ ከክብሩ በታች ነው አላለም። የዋልድባ መነኮሳት እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ ይኖራሉ፤ በረከታቸው ይድረሰን። እነሱ ግን ያን ሥርዓት አውቀው መርጠው ገብተውበታል። እርሻ ውላ መጥታ ልጅ በምታጠባ ሴት ላይ የሚጫን ቀንበር አይደለም።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ከዚያ ነጭ ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ ሻይዋ ስኳር በዝቶባታል። ማታ መኮሮኒ፣ ወይም ድንች ወጥ በሁለት እንጀራ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ አልነኩም፤ በሕጉ በኩል ጾማቸው ሙሉ ነው። ለታመመ ሰውነታቸው ግን ከስኳርና ቶሎ ወደ ስኳር ከሚለወጥ ምግብ በቀር የደረሰው ነገር የለም። ከተማው ውስጥ የማየው የጾም ገበታ እየሆነ ያለው ይህ ነው፦ ዳቦ፣ ቦምቦሊኖ፣ የድንች ጥብስ፣ ዘይት የሚንሳፈፍበት ሽሮ፣ ለስላሳ መጠጥ። የማይበላውን ጠንቅቀን እናውቃለን፤ የሚበላውን የሚያስተምር ጠፍቷል።

የሚያሳዝነኝ፣ የአያቶቻችን የጾም ጓዳ እጅግ ሀብታም የነበረ መሆኑ ነው። አያቴ ሁዳዴ ሲቃረብ ሱፍና ኑግ ትለቅማለች፤ ተልባ ቆልታ ትወቅጣለች። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ አብስላ፣ ሰናፍጭ ጨምራ ስልጆ ታቦካለች። አዚፋ፣ እልበት፣ የሽንብራ ዓሣ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ የገብስ ቆሎ በየተራ ይቀርቡ ነበር። ዛሬ በሙያዬ ዓይን ሳየው ሁሉም ቦታውን የያዘ ነው። ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ዓይነት ሌላው ይሞላል። ተልባ ለልብ የሚበጅ ቅባት አለው። ገብስና ባቄላ ባላቸው አሰር ምክንያት ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋሉ። የእንጀራው እርሾ እንኳ ሥራ አለው፤ ሊጡ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ሰውነትም ብረቱን በተሻለ ያገኘዋል።

ስለዚህ ለታካሚዎቼ አዲስ ምግብ አላዝዝም፤ ኪሳቸውም አይችልም። የማዕዱን ሚዛን ብቻ እንዲቀይሩ እለምናቸዋለሁ። እንጀራው ይነስ፣ ምስሩና ጎመኑ ይብዛ። ጎመኑ ቀለሙ እስኪጠፋ አይቀቀል፤ ቫይታሚን ሲ በረጅም እሳት ይጠፋል። ከሽሮው ጋር ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ቢኖር የጥራጥሬውን ብረት ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ቡናው ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ፤ ወዲያው ሲጠጣ ያን ብረት ይከለክላል። ጨው ላይ ሁልጊዜ እንከራከራለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና ሽሮው አስቀድሞ ጨው ገብቶባቸው እንደሚመጡ ግን ብዙዎቻችን አናስብም።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ስሕተት እንዳለ አውቃለሁ። ጾምን ክብደት መቀነሻ ብቻ ያደረጉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚበሉትን ሲመዝኑ የሚውሉ ሰዎችም አሉ። ጤናን መፈለግ አይነቀፍም፤ ለራስ ብቻ ከሆነ ግን ጾም ልንለው አንችልም። በፍትሐ ነገሥት የጸሎት አንቀጽ 14ኛ፣ የጾም 15ኛ፣ የምጽዋት 16ኛ ነው። ጾም በጸሎትና በምጽዋት መካከል መቀመጡን እወደዋለሁ። ከገበታዬ የተቀነሰው ወዴት ሄደ ብዬ እንድጠይቅ ያደርገኛል። ውድ የጾም ኬክና የጾም አይብ ገዝቶ የሚበላ ሰው ደጁ ላይ ለቆመው ነዳይ ያተረፈው ነገር የለም። ምስርና ጎመን መምረጥ ለሰውነትም ይበጃል፣ ለሚካፈለውም ይተርፋል።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ሕፃን ከስድስት ወሩ ጀምሮ ከእናት ጡት በተጨማሪ ሌላ ምግብ ያስፈልገዋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ጥቂት ሥጋ ለአካሉና ለአእምሮው ዕድገት ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከጎመንም ከጥራጥሬም አይገኝም። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም ብላ አታውቅም። ነገር ግን ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እናት በጾም እንቁላል ብትቀቅል፣ ወተት ብታፈላ ድስቱ ይነካካል፣ ጾሜ ይፈርሳል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ የአንድ ዓመት ልጅ ሳይወድ በግዱ ከእናቱ ጋር ይጾማል፤ ቀጭን አጥሚት ጠጥቶ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 37ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ዋናው ምክንያት ድህነትና ሕመም መሆኑን አውቃለሁ፤ ጾሙን ተጠያቂ አላደርግም። ግን ዶሮ እያላት፣ እንቁላሉም ጎጆዋ ውስጥ እያለ ለልጇ መስጠት የፈራች እናት ክፍሌ ድረስ መጥታ አውቃለሁ። ያ ፍርሃት ከወንጌል የመጣ አይደለም። ጌታ በሰንበት የታመሙትን ፈውሷል፤ የተራቡ ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት እሸት ቀጥፈው ሲበሉ ተከራክሮላቸዋል።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ኪኒን በውኃ መዋጥ ጾም ያስገድፋል ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆዩ አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ኢንሱሊን ተወግተው ምንም ሳይቀምሱ ቅዳሴ ላይ ይቆማሉ፤ ስኳራቸው ሲወርድ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን ይስታሉ። ፍትሐ ነገሥቱ ሕመምተኛን አያስገድድም፤ ይህን ግን ለታካሚው ነጭ ጋዋን የለበስኩት እኔ ብነግረው አያሳርፈውም። ከንስሐ አባቱ አንደበት መስማት አለበት፤ ልክም ነው።

ስለዚህ ለአባቶቼ ካህናት አንድ ልመና አለኝ። የጾም መግቢያ ሲታወጅ፣ በዚያው ዐውደ ምሕረት ላይ ሁለት ነገር ንገሩልን፦ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይመክር መድኃኒቱን እንዳያቆም፣ የሕፃን ልጅ እናት ደግሞ በጾምም ቢሆን ለልጇ እንቁላል እንድትቀቅል። እናቶች፣ ድስቱ ካሳሰባችሁ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ አስቀምጡለት። ደብረ ማርቆስ ላላችሁም፣ ክፍሌ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው፤ ጾሜን እንዴት ልጹም ብላችሁ ብትመጡ አብረን እንነጋገራለን።