መጠጥ ይቅር የሚል ሰው ምን ዕዳ አለበት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሚያዝያ 23 ቀን የሰማዕቱን በዓል አክብረን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስንወርድ የቅዱሱን ስም ሁለት ጊዜ እናገኛለን። አንደኛው ለዐድዋ ድል መታሰቢያ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው ፋብሪካ በሚያወጣው የቢራ ጠርሙስ ላይ ነው። ይህን ያነሣነው ፋብሪካውን ለመውቀስ ብለን አይደለም። ጸሎትና መጠጥ በሰፈራችን ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደሆኑ ለማስታወስ ያህል ነው።

በመጀመሪያ፣ መጠጥ በራሱ ኃጢአት ነውን? ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ብላ አላስተማረችንም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ውኃውን ወይን አድርጎታል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። የተወገዘው ስካር ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሐዋርያ ደካማውን ወንድም ከሚያሰናክል ነገር መታቀብ የፍቅር ግዴታ መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ የተፈቀደልንን ስንጠጣም በእኛ ምክንያት የሚሰናከል ሰው አለ ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድመው የጠየቁት በአጥቢያችን ጽዋ ማኅበር ያሉ እናቶች ናቸው። ተራ ሲደርሳቸው ጠላና አረቄ መደገሱን ትተው በብርዝ ይዘክራሉ። ከዚህም ሌላ ባል ወይም ልጅ ደመወዙን በመጠጥ ወደሚጨርስበት ቤት ሁለት ሁለት ሆነው እየሄዱ ይመክራሉ፤ የተጣላም ያስታርቃሉ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሶ ከፊሎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ከተዛወሩ በኋላ እንኳ አውቶቡስ ተሳፍረው ለማኅበራቸው ይመጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር ወደ አንዲት አረቄ ሻጭ እናት ቤት ሄድን። ከመካከላችን አንዱ ስለ ስካር ጉዳት ያጠናነውን መናገር ጀመረ። እርሳቸውም መለኪያዎቹን እያጠቡ ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ። ሦስት ልጆች የማስተምረው በዚች ጠርሙስ ነው። ተዪ ካላችሁኝ እተዋለሁ፤ ነገ ምን እንደምንበላ ግን አብራችሁ ንገሩኝ» አሉን። መልስ አልነበረንም። የማኅበሩ ሙሴ የሆኑት እናት ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ «እኅቴ፣ በቀን ስንት ይተርፍሻል?» ሲሉ ጠየቋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ማኅበሩ ከሙዳዩ አውጥቶ የጤፍና የምጣድ መግዣ አበደራቸው። ዛሬ እኒያ እናት እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ቅዳሜ ማታ ግን እስካሁን አረቄ ይሸጣሉ።

ታዲያ ይህ ብድር ኃጢአትን መደገፍ አይሆንምን? በሰንበት ትምህርት ቤታችን ይህ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን በመጀመሪያ መሸጡን ፈጽሞ መተው ይገባቸው ነበር አልን። ገንዘቡ በጻድቃን ስም የተሰበሰበ በመሆኑ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሙሴዋ እናት ሲመልሱልን፣ «ስድስቱን ሌሊት እግዚአብሔር ሰጥቶናል፤ ሰባተኛውን እንለምነዋለን» አሉ። እኛም ብድሩን እንደ ጉቦ ማየታችንን ትተን፣ የምክራቸው አንድ ክፍል መሆኑን ተረዳን።

በሌላውም ዓለም ክርስቲያን ሴቶች በዚህ ነገር ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1873 መጨረሻ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ሴቶች በመጠጥ ቤቶች ደጃፍ ተንበርክከው ይጸልዩ ነበር። በተከታዩ ዓመት በክሊቭላንድ ከተማ ከመጠጥ የመታቀብ የክርስቲያን ሴቶች ኅብረት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1920 መጠጥ በአገሪቱ በሕግ ታገደ፤ በ1933 ግን እገዳው ተሻረ። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮል በሬድዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ለአረቄ ሻጯ ልጆች ደብተር የሚገዛ አዋጅ የለም፤ ያ ሥራ ለጎረቤት የቀረ ነው።

ራሳችንንም እንመርምር። የአረቄ ቤት ሽታ የምንጸየፍ እኛ ተማሪዎች በምረቃና በሠርግ ድግስ ላይ ውስኪ ሲቀዳ ዝም እንላለን። የድኻው መለኪያ ነውር፣ የባለጸጋው ብርጭቆ ግን ክብር ከሆነብን፣ የጠላነው ድኻውን እንጂ ስካሩን አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ «ይቅር» የሚል ሰው ሌላው በመተዉ ከሚያጣው ላይ ድርሻውን ሊሸከም ይገባዋል ብለን እናምናለን። ይህን ካላደረገ ምክሩ ለመካሪው ምንም የማያስከፍል፣ ለተመካሪው ግን እንጀራ የሚያስከፍል ይሆናል። እኛም በዘንድሮው የምረቃ ዝግጅታችን መጠጥ ላለማቅረብና ለዚያ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ በእናቶች ሙዳይ ለመጨመር ተስማምተናል። ሐሳባችንን የምትቀበሉ ወንድሞችና እኅቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደጀ ሰላሙ እንገናኝ። ወደ እኒያ እናት ቤት የምንሄደው ለማስተማር ሳይሆን እንጀራውን ተሸክመን ለማድረስ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።