የጠፋው ድሪም

ልጆቼ፣ «እኔ እኮ ለምንም የማልረባ ነኝ» ስትሉ በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። እስቲ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15፣ ከቁጥር 8 እስከ 10 ያለውን አብረን እንየው።

አሥር ድሪም ያላት ሴት አንዱ ይጠፋባታል፤ መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ ታገኘዋለች፤ ጎረቤቶቿንም ለደስታዋ ትጠራለች። መጀመሪያ ታሪኩን እንዳለ ያዙት፤ በአብነት ትምህርት ቤትም ንባብ ያልዘለቀው ሰው ትርጓሜ ቤት አይገባም። ድሪም የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ያህል ነበር፤ አሥር ብቻ ላላት ሴት የአንዱ መጥፋት ቀላል አይደለም።

ከዚያ ወደ ምሥጢሩ ግቡ። የቅዱስ ባስልዮስ ታናሽ ወንድም፣ የኑሲሱ ጎርጎርዮስ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ድንግልና በጻፈው መጽሐፍ ቤቱን የገዛ ነፍሳችን፣ ድሪሙን በውስጧ የታተመው የንጉሡ መልክ አድርጎ ያመሠጥረዋል። ልብ አድርጉ፤ ድሪሙ ከቤት አልወጣም። ጉድፍ ቢሸፍነውም በመጥፋቱ ግማሽ ድሪም አልሆነም። ፈተና ወድቃችሁ፣ ከሥራ ተሰናብታችሁ፣ የወደዳችሁት ሰው ፊቱን አዙሮባችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያንን መልክ ሰው አልቀረጸውም፤ ሰው ሊፍቀውም አይችልም። በንቀት የሚያያችሁም ሰው ያንኑ መልክ ይዟልና በንቀት አትመልሱለት።

ቃሉን በምሥጢር ማንበብ የሚያቆላምጠንን መልቀም ግን አይደለም። መጥረጊያም አለበት። ቤት ሲጠረግ አቧራው ይቦናል፤ ራሱን መመርመር የጀመረ ሰውም ቂሙና ምቀኝነቱ ብቅ ብቅ ሲሉበት ከድሮው የባሰ ይመስለዋል። ብዙ ወጣት እዚህ ላይ ይተወዋል። አትተዉት። ጎርጎርዮስ ለደስታው የተጠሩትን ጎረቤቶች የነፍስ ኃይላት ይላቸዋል፤ ከእነሱም መካከል ምኞትና ቁጣ አሉ። ዛሬ የምታፍሩበት ቁጣ እንኳ መልኩ በተገኘ ጊዜ ለደስታው ይጠራል።

በዚያ ምዕራፍ ካሉት ሦስት ምሳሌዎች ይህችን አብልጬ እወዳታለሁ። የጠፋው በግ ይጮኽ ይሆናል፤ የኮበለለው ልጅ ተነሥቶ በእግሩ ይመጣል። ድሪም ግን አፍም እግርም የለው። ሴቲቱን የእግዚአብሔር ጥበብ ብለው የተረጎሙ አባቶች አሉ። እንግዲህ ጸሎት አልወጣ፣ እንባ አልመጣ ያላችሁ ልጆች፣ ስትፈለጉ እንደነበር ያን ጊዜም አትርሱ። ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ለመሄድም የሚነገር ነገር እስክታዘጋጁ አትጠብቁ፤ «ምንም መናገር አቃተኝ» ማለት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።