ከቸልተኛ ባልንጀራ ጋር ስለ መዳኘት

ከዲላ በስተ ደቡብ፣ እንደ ዱመርሶ ባሉ የቡና አገር መንደሮች የወጣቶች እግር ኳስ ጨዋታ ሲደረግ፣ ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል መምህራን፣ የቁምስና ወጣቶች፣ አልፎ አልፎም ካቴኪስቶች ይገኛሉ። ፊሽካ የያዘው ቀደም ብሎ ደርሶ ሜዳውን ተመልክቶ ሲጠብቅ፣ ባንዲራ የሚይዘው ባልንጀራው ጨዋታው ሊጀመር ሲል ይደርሳል፤ ከደረሰም በኋላ ኳሱን እንደ መከታተል ከተመልካች ጋር ሲጨዋወት ይታያል። እንዲህ ያለው ነገር ሲያጋጥም ትጉሁ ዳኛ ምን ማድረግ ይገባዋል? ችሎ ዝም ይበልን? በሰው ፊት ይገሥጸውን? ወይስ የባልንጀራውንም ሥራ ደርቦ ይሥራ?

ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ መስሎ አይታየን። ሁለት ካቴኪስቶች ለአንድ ቤተ ጸሎት ሲመደቡ፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ በአንድ ኮሚቴ ሲያገለግሉ፣ ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ሆኖም በሜዳ ላይ የሚሆነው ለሁሉ ዓይን የተገለጠ ስለሆነ፣ ነገሩን ከዚያ ተነሥተን ብንመረምረው ይቀለናል።

የረዳት ዳኛ ሥራ ትንሽ አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. 1996 ድረስ «የመስመር ዳኛ» ይባል የነበረው ሰው፣ ከዚያ ወዲህ በጨዋታው ሕግ «ረዳት ዳኛ» ተብሏል። ከጨዋታ ውጪ የሆነውን አጥቂ በትክክል የሚያየው፣ ከኋላ ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር እኩል እየሄደ የሚመለከት ሰው ነው፤ የመሐል ዳኛው ምንም ቢተጋ በዚያ ቦታ ሊገኝ አይችልም። ለዚህም የአገራችን ሰው አቶ ሥዩም ታረቀኝ ምሳሌ ይሆኑናል። በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የስዊድንንና የእስራኤልን ጨዋታ በመሐል ዳኝነት መሩ። ከአራት ቀን በኋላ ጣሊያን ከእስራኤል ጋር ስትጫወት ግን የመሐል ዳኛው ብራዚላዊ ነበሩ፤ አቶ ሥዩም ባንዲራ ያዙ። ጣሊያኖች ያገቡት ኳስ በእርሳቸው ምልክት ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ፤ ጨዋታውም 0 ለ 0 ተፈጸመ። ጣሊያኖች እጅግ ቢቆጡም የመሐል ዳኛው የረዳታቸውን ዓይን አምነው ነበር። ትናንት ፊሽካ የነፋ ሰው ዛሬ በመስመር ዳር ቆሞ በዚያው ትጋት ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው መለኪያው ነው። ትጉህ ሰው የራሱን ትጋት ለሌላው ሁሉ ሕግ አድርጎ የማየት ፈተና አለበት። በወንጌል በተነገረው የወይን አትክልት ምሳሌ፣ ከማለዳ ጀምረው የሠሩት ሠራተኞች ያጉረመረሙት ከጌታው ጋር የተዋዋሉትን ትተው በባልንጀራቸው ስለ ለኩ ነው። እኛ ሳምንቱን በሙሉ ስንሰጥ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ሰው እኛን አልበደለም። ነገር ግን ያን አንድ ሰዓት ባንዲራ ለመያዝ ከተቀበለ፣ በሜዳው ለተሰለፉት 22 ወጣቶች ቃል ገብቷል። የሚጠየቀውም በእኛ ትጋት ልክ ሳይሆን በዚያው በገባው ቃል ልክ ነው። ስለዚህ «ከእኛ ያነሰ ሰጠን?» ብሎ መጠየቅ ወደ ቅንዓት ይወስዳል፤ «ከገባው ቃል ያነሰ ሰጠን?» ብሎ መጠየቅ ግን የፍትሕ ነው።

ቃሉን ካጓደለ ዝም ማለት ተገቢ ነውን? ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ወንድማማች ተግሣጽ ሲያስተምር ሁለት ዓይነት እርማት እንዳለ ይለያል፤ አንዱ የተሳሳተውን ወንድም ለማዳን የሚደረግ ሲሆን ከፍቅር የሚመነጭ ነው፤ ሁለተኛው ስሕተቱ በጋራ ጥቅም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስቀረት የሚደረግ ሲሆን የፍትሕ ሥራ ነው። በሜዳው ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። የዝምታችንን ዋጋ የሚከፍለው ሲለማመድ የከረመው ወጣት ነውና፣ በሌላው ኪሣራ የሚገኝ ትዕግሥት ትዕግሥት ሊባል አይችልም። ቡና የሚያለማ ሕዝብ ይህን አይስተውም፤ ጥሬው ፍሬ ከቀዩ ጋር ሲደባለቅ ጉዳቱ በለቃሚው ላይ ብቻ አይቀርምና።

የእርማቱ ሥርዓት ግን ሊጠበቅ ይገባል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያስተማረን በመጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻም በማኅበሩ ፊት እንድንናገር ነው። የጌዴኦ አረጋውያንም በሶንጎ ሲቀመጡ ከመፍረዳቸው በፊት ይሰማሉ። እኛም አስቀድመን ምክንያቱን እንጠይቅ። ምናልባት ባልንጀራችን ቡና ሲሸከም ውሎ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሕጉን በሚገባ አላወቀው ይሆናል። አለማወቅ ብዙ ጊዜ ቸልተኝነት መስሎ ይታያል፤ መድኃኒቱ ግን ተግሣጽ ሳይሆን ትምህርት ነው። ከጨዋታው በፊት ማን ምን እንደሚመለከት፣ በምን ምልክት እንደሚግባቡ መነጋገር፣ በእረፍት ሰዓትም የጎደለውን በቀስታ ማሳሰብ ይበቃ ይሆናል። በተጫዋቾች ፊት ማዋረድ ግን ከቶ አይገባም፤ ዳኛው ራሱ የናቀውን ባንዲራ ተጫዋቹ ሊያከብር አይችልምና።

የእርሱን ሥራ ደርቦ መሥራትስ? ይህ ደግነት ቢመስልም፣ ወደ ባልንጀራው መስመር የሚሮጥ ዳኛ የራሱን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ባልንጀራውንም ቃሉን እንዳይጠብቅ ያለማምደዋል።

«በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ብንናገረው ጥሎን ይሄዳል፤ ሌላም ሰው የለንም» የሚሉ አሉ። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ በጎ ፈቃደኛ አልችልም ለማለት ወይም ቀለል ያለ ሥራ ለመቀበል ነፃ ነው፤ ተቀብሎ ላለመፈጸም ግን ነፃ አይደለም። ሰዓት መያዝ ወይም ኳስ ማቀበል የሚስማማው ከሆነ ይሰጠው። ይህም ካልሆነ ያለ ረዳት መዳኘት ይሻላል። ባንዲራ በሌለበት ጨዋታ ጉድለቱን ሁሉም አውቆ ይገባበታል፤ የማያይ ባንዲራ ግን ሁሉንም ያታልላል። የጨዋታው ሕግ ራሱ፣ አለአግባብ ጣልቃ የሚገባን ወይም ያልተገባ ጠባይ የሚያሳይን ረዳት ዋናው ዳኛ ከሥራው አሰናብቶ ለሚመለከተው አካል እንዲያመለክት ያዛል።

ነገር ግን ከአንድ አገልግሎት ማሰናበት ሰውን መጣል አይደለም። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ በጵንፍልያ ከሐዋርያት ተለይቶ ተመልሶ ነበር። በኋላ በርናባስ እንደገና ሊወስደው ሲሻ ጳውሎስ እምቢ አለ፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ ሐዋርያት ተለያዩ። እግርና እግርም ይጋጫልና በቅዱሳን መካከል ይህ መሆኑ አያስደንቀን። ጳውሎስ ለሥራው ተጠነቀቀ፤ በርናባስ ለሰውየው ተጠነቀቀ። ከዓመታት በኋላ ግን ለጢሞቴዎስ በተላከው ሁለተኛ መልእክት ያው ጳውሎስ ማርቆስን ለአገልግሎት የሚጠቅም ሰው ብሎ ይፈልገዋል። በርናባስ ባይታገሠው ኖሮ ማርቆስ ለዚያ መድረሱ ያጠራጥር ነበር።

ስለሆነም በየቤተ ጸሎቱ በሁለት በሁለት የተመደባችሁ ካቴኪስቶች፣ በየሜዳውም የምታገለግሉ ወጣቶች፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ተቀምጣችሁ እያንዳንዳችሁ የምትገቡትን ቃል በግልጽ ተነጋገሩ። ባልንጀራችሁ ሲያጓድል ያን ቃል ለብቻው አስታውሱት፤ እናንተም ስታጓድሉ ሲያስታውሳችሁ በደስታ ስሙት። ሊቀጥል ካልቻለም በሰላም ይሰናበት፤ በሌላ ጊዜ ሊመለስ ቢወድ የሚቀበለው አይጣ።