የቤዝ ተጫዋቹ ትሕትና

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ለማነጋገር ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ባዶ ካሴትና አንድ ያረጀ መቅረጫ ይዤ ነበር። ሙዚቃ ጋዜጠኛ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ከእገሌ ጋር መሥራት ምን ይመስል ነበር?» የሚል ሆነ። እገሌ ስመ ጥር ድምፃዊ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለዚያው ድምፃዊ፣ ሦስተኛው ስለ ሌላ ድምፃዊ፣ አራተኛው እነዚያ ሁለቱ ተጣልተው እንደሆነ። ሰውየው ጨዋ ናቸውና ሁሉንም መለሱልኝ። ካሴቶቹ አለቁ። በረካው ተጠጥቶ ልነሣ ስል፣ «አንተ ልጅ፣ ስለ ቤዙ አንድ ነገር እንኳ ሳትጠይቀኝ ልትሄድ ነው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ጽሑፉ ሲወጣ ርእሱ ላይ የታተመው የድምፃዊው ስም ነበር። ስለ ሰውየው ያነሣሁት በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው፤ «ከመጋረጃ በስተጀርባ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ትሑት ባለሙያ» ብዬ። ያን ጊዜ በጣም ያማረ ዐረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር። ዛሬ ከጻፍኳቸው ሁሉ የማፍርበት እሱ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ትሑት የሚባለው ከፊት መቆም እየቻለ ከኋላ የሚቆም ሰው ነው። ከፊት ቁም ያልተባለን ሰው ትሑት ብሎ ማመስገን፣ ልብሱን የተገፈፈን ሰው መናኝ ብሎ እንደማወደስ ነው። ምስጋናው ለሰውየው ምንም አይጨምርለትም፤ ለገፈፈው ሰውና ቆሞ ላየው ግን ትልቅ እፎይታ ነው። እኔም ካዩት አንዱ ነበርኩ።

ቤዝ ምን እንደሚሠራ በቅጡ የሚያስተውል አድማጭ ብዙ አይደለም፤ ይህም የሚያስወቅስ አይደለም። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ አራት ክር አለው፤ ከተራው ጊታር በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይቃኛል። ከበሮው ጊዜውን ይይዛል፣ ዘፋኙ ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ ቤዙ በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዱን ለሌላው ያስታርቃል። ዘፋኙ ያንኑ ድምፅ ይዞ ሳለ ቤዙ ከሥር አንድ ድምፅ ቢቀይር ደስታ የነበረው ናፍቆት ይሆናል። አድማጩ ዘፋኙ ያስለቀሰው ይመስለዋል። በዚያ ላይ እኛ ያደግንባቸው ትንንሽ ራዲዮኖችና ቴፖች ያን ወፍራም ድምፅ በወጉ የማውጣት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ቤዝን የምናውቀው መብራት ቤታችን ሲጠፋ መብራትን እንደምናውቀው ነው።

እንግዲህ ወደ ጄምስ ጄመርሰን ልምጣ፤ በዚህ ነገር ላይ ከእሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም። (የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1936 ሳውዝ ካሮላይና ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ዲትሮይት የሄደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቤሪ ጎርዲ በ1959 ባቋቋመው የሞታውን ኩባንያ ውስጥ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ በተሠራች ጠባብ ስቱዲዮ፣ «ፈንክ ብራዘርስ» ከሚባሉት ጓደኞቹ ጋር ቀን ከሌት ይቀርጽ ነበር። ክሮቹን የሚመታው በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነው፤ ክር መቀየርም አይወድም። ቴምፕቴሽንስ የተጫወቱት «ማይ ገርል» ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰማው የእሱ ቤዝ ነው። ያን ዘፈን ሳይሰማ ያደገ ከተሜ ስንት ይሆን? የእሱን ስም ሰምቶ ያደገስ?

ስሙ እንዳይሰማ ያደረገው ዕድል አይደለም። ኩባንያው በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ የተጫዋቾቹን ስም አያትምም ነበር። ጄመርሰን ለዓመታት ዓለምን ካስጨፈረ በኋላ ስሙ በሞታውን አልበም ላይ የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ ነው። ስለዚያ ቀረጻ አንድ ታሪክ ይተረካል፤ ማርቪን ጌይ ጄመርሰንን መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ፈልጎ አመጣው፣ መቀመጥ ስላቃተውም ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ ተጫወተ ይባላል። ስለ ጄመርሰን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። የጋዜጠኛ ነፍስ እንዲህ ያለውን ነገር ትወዳለች። ስም የተነፈገው ሰው ስሙ ሲመለስለት ከስካሩ ጋር ተጠቅልሎ ተመለሰለት። መጋቢት 1983 ሞታውን 25ኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ጄመርሰን ከአትራፊ ትኬት ገዝቶ ላይኛው ሰገነት ላይ ተቀምጦ ተመለከተ ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በ47 ዓመቱ ሞተ።

ወደ ምርጥ ሙዚቀኞች የክብር መዝገብ የገባው በ2000 ነው። በ2002 ስለ እሱና ስለ ጓደኞቹ ፊልም ወጣ። ሰው «ይኸው ፍትሕ ዘገየች እንጂ አልቀረችም» ይላል። እኔ ግን ፍትሕ ስትዘገይ ባዶ እጇን እንደማትመጣ የተረዳሁት ከሌላዋ የቤዝ ተጫዋች ታሪክ ነው።

ካሮል ኬይ በ1935 የተወለደች አሜሪካዊት ናት። የጃዝ ጊታር ተጫዋች ነበረች፤ በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለአንድ ቀረጻ የተጠራው ቤዚስት ስለቀረ መሣሪያውን አንሥታ ተጫወተች፣ ከዚያ በኋላ አላስቀመጠችውም። ቢች ቦይስን ጨምሮ የስንቱን ዘፈን መሠረት የጣለች ናት። እሷም እንደ ጄመርሰን ከሽፋኑ ላይ የለችም። ታዲያ ይህች ሴት በየቃለ መጠይቁ፣ በጄመርሰን ስም ከሚታወቁት የሞታውን ዘፈኖች አንዳንዶቹን፣ ለምሳሌ ስቲቪ ወንደር በ1967 ያወጣውን «አይ ዋዝ ሜድ ቱ ላቭ ኸር»፣ የተጫወትኩት እኔ ነኝ አለች። አለን ስለትስኪ በ1989 ባወጣው የጄመርሰን ታሪክ መጽሐፍ በቀረጻው ጊዜ የነበሩ ሰዎችን ምስክርነት ሰብስቦ ተከራከረ፤ አይደለችም፣ ጄመርሰን ነው አለ። ሞታውን አንዳንድ ሥራዎቹን ሎስ አንጀለስ ያስቀርጽ ስለነበር የእሷ ቃል እንዲያው ከአየር የተቀዳ ነው ማለትም አይቻልም። ከሁለቱ ወገን በየአገሩ ደጋፊ ተሰልፎ ሲሰዳደብ ስንት ዓመት አለፈ። ጄመርሰን ደግሞ መልስ ሊሰጥ የማይችል ሙት ነው።

ለእኔ ሚዛኑ ወደ ጄመርሰን ያጋድላል። ምስክሮቹ ይበዛሉ፤ ጣቱም በዜማው ላይ ይታያል። ይሁን እንጂ ካሮል ኬይን ቀጣፊ ለማለት አፌ አይከፈትም። በቀን ሦስትና አራት ቀረጻ የምትሮጥ፣ የዘፈኑን ርእስ እንኳ ሳይነግሯት ኖታ ሰጥተው የሚያስጫውቷት ሴት፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የትኛውን እንደተጫወተች በምን ታውቃለች? እኛ ራሳችን የትናንት ወዲያውን ምሳ ስንቴ ተሳስተናል። ሁለት ሥራቸው የተወሰደባቸው ሰዎች በተረፈችው ፍርፋሪ ሲጣሉ እኛ ዳኛ ሆነን እንቀመጣለን፤ ስሙን ያልጻፈው ግን ከክርክሩ ውስጥ የለም። ስም አለመጻፍ ያኔ የአንድ ሰው ድካም መደበቅ ብቻ ነበር። ዛሬ እውነቱን ራሱን የማይገኝ አድርጎታል።

ጠያቂው እዚህ ላይ ምን ያድርግ? አንዲት አሮጊት ባለሙያ «ይህ የእኔ ነው» ስትለው ዝም ብሎ ቢጽፍ የሞተውን ይቀማል። «ማስረጃሽን አምጪ» ቢላት ደግሞ ማስረጃ እንዳይኖራት የተደረገችን ሴት በማስረጃ እጦት ይከሳታል። ስመለከተው ብዙዎቻችን ሦስተኛውን፣ ቀላሉን መንገድ እንይዛለን፤ አከራካሪውን ትተን «ምን ዓይነት ድንቅ ዘመን ነበር!» እንላለን። ይህ ከሁለቱም የከፋ ነው። ቢያንስ የተናገረችውን እንደ ቃሏ፣ የሌላውን ወገን ቃል ከአጠገቡ፣ ሸክላው ላይ ስም እንዳልተጻፈም ከሁለቱ በላይ መጻፍ ይቻላል። አያምርም፤ አንባቢም ቶሎ ይሰለቻል። በ2025 ካሮል ኬይ ወደዚያው የክብር መዝገብ ልትገባ ስትመረጥ አልቀበልም አለች። አኩርፋ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን በስተርጅና የመጣ ሽልማትን እምቢ ማለት ከዚያች ሴት እጅ ያልተወሰደ ብቸኛ መብት ነበር እላለሁ።

«ሰውየው ራሱ ካልተቆጨ አንተ ምን ቤት ነህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው ኸርቢ ፍላወርስ በ1972 ለሉ ሪድ «ዎክ ኦን ዘ ዋይልድ ሳይድ» ላይ ያንን ሁሉም የሚያውቀውን የሚንሸራተት ቤዝ ፈጠረ። መጀመሪያ በትልቁ ባለ ሳጥን ቤዝ ተጫወተው፤ ከዚያ በላዩ ላይ በኤሌክትሪክ ቤዝ ደገመው። ለምን ደገምከው ሲባል፣ ሁለት መሣሪያ የተጫወተ ክፍያው ስለሚጨምር ነው እያለ ይስቅ ነበር። ያገኘው በጠቅላላ 17 ፓውንድ መሆኑን ራሱ አውርቷል። በ1990 ትራይብ ኮልድ ኩዌስት የተባሉት ራፐሮች ያንን ቤዝ ቆርጠው አዲስ ዘፈን ሠሩበት፤ የደራሲነቱ ክፍያ የሄደው ግን ለሉ ሪድ ነው፤ ሕግ ግጥምና ዜማን እንጂ ቤዝን የድርሰት አካል አድርጎ የማየት ልማድ የለውምና። ፍላወርስ እስከሞተበት እስከ 2024 ድረስ ሲያማርር አልሰማሁም። ሥራዬን ሠራሁ፣ ዋጋዬን ተቀበልኩ፣ አለቀ።

ፍላወርስን አምነዋለሁ። የግንበኛ ስም በቤቱ ግድግዳ ላይ አይጻፍም፤ ግንበኛውም በዚህ ሌሊት እንቅልፍ አያጣም። ነገር ግን የእሱ አለመቆጨት የእሱ ሀብት ነው፤ የእኔን ዕዳ አይሰርዝልኝም። አበዳሪው ደግ ስለሆነ ብቻ ተበዳሪው ነፃ ነኝ ማለት አይችልም። ደግሞስ አለመቆጨቱን ያወቅነው እንዴት ነው? የጠየቀው ሰው ስለተገኘ አይደለም?

የእኛም ቤት ከዚህ አያመልጥም። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ ድምፃዊው በፎቶግራፍ፣ ግጥምና ዜማ ደራሲው በስም፣ ሙዚቃ ቤቱ በጉልህ ይወጣሉ፤ አጃቢዎቹ ብዙ ጊዜ «አጃቢ፦ እገሌ ባንድ» በምትል አንዲት መስመር ይጠቃለላሉ። አይቤክስንና ሮሃ ባንድን የማያውቅ አድማጭ የለም፤ በነዚያ ካሴቶች ላይ ከሥር የሚሄደው ቤዝ የጆቫኒ ሪኮ መሆኑን የሚያውቅ ግን ስንት ነው? የዋልያስ ባንዱን ቤዚስት መላከ ገብሬንስ? እነዚህ እንኳ ስማቸው የተረፈላቸው ናቸው። አንድ ምሽት ብቻ ተጠርተው፣ ተጫውተው፣ ጃኬታቸውን ደርበው የወጡትን ማን ይቁጠራቸው?

ወደዚያ ቤት ተመልሼ የሄድኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው አርጅተዋል፤ ቤዙ ግን እዚያው ጥግ ቆሟል። ያን የድሮ ጽሑፌን ያስታውሱት እንደሆነ አላነሡም፤ እኔም ለማንሣት ድፍረቱን አጣሁ። በዚህኛው ጊዜ ካሴት አልያዝኩም፤ ሰፊ ደብተርና እርሳስ ነበር የያዝኩት። «ጋሼ፣ የተጫወቷቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ ይንገሩኝና ልመዝግብ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጀመሩ። አራት ቅዳሜ ፈጀብን። አንዳንዱን ዘፈን ርእሱን ስለማያስታውሱት ቤዙን በአፋቸው እያሰሙኝ እኔ ነኝ ርእሱን የምፈልገው።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ በጣም ታዋቂ ዘፈን ላይ ደረስን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የእሳቸው ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጽፌውም ነበር። እርሳሱን ከእጄ ወሰዱና ሰረዙት። «ይኼን እኔ አይደለሁም» አሉ። «ያን ሳምንት ታምሜ ነበር። አንድ ልጅ ነው የተካኝ። ጥሩ አድርጎ ነው የተጫወተው፤ ከእኔም ይሻላል።»

የልጁን ስም ጠየቅኳቸው። አላስታወሱትም። ስለ እሳቸው መጻፍ እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ እነዚያ ባዶ ቦታዎች ሳይሞሉ የእኔ ስም አይውጣ አሉኝ፤ ስማቸውን እዚህ ያላነሣሁትም ለዚህ ነው። ደብተሩ ውስጥ አሁን አምስት ባዶ መስመሮች ቀርተዋል። ባለፈው ሰሞን ደውለው፣ አንድ ድሮ ድራም ይጫወት የነበረ ሰው አዳማ አለ ሲሉ ስለሰሙ፣ ያን ልጅ ያውቀው እንደሆነ ሄደን እንጠይቀው ብለውኛል።